ሠላሳ አንደኛው ቁልፍ

ፌብሩዋሪ 11

ተናድጃለሁ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ነበርኩ። ማሞቂያው እንደ ንብ ስለሚያጉረመርም አጥፍቼው ጣቶቼ እንጨት ሆኑ። ስድሳ አንድ ቁልፍ፣ እያንዳንዱ ሦስት ጊዜ። አንዱን ተጭኖ ድምፁ እስኪሞት ትንፋሽ ይዞ መጠበቅ፣ ከዚያ ቀጣዩ። ውጭ በረዶ ጠራጊው መኪና ባለፈ ቁጥር ደግሞ እንደ አዲስ…

ይህን ሁሉ ችዬው ነበር። ወይዘሮ ዩዶራን ግን አልቻልኳቸውም።

ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው። ይህን በእግር የሚነፋ ኦርጋን ሃምሳ ሁለት ዓመት የተጫወቱት እሳቸው ናቸው። አሁን ምእመኑ አልቆ ሕንፃው ተሸጠ፣ ኦርጋኑም ከነሕንፃው ሄደ። "ስትቀጂው ልቀመጥ" አሉኝ። እንዴት እምቢ ይባላል? ካፖርታቸውን ተጠቅልለው ፊተኛው አግዳሚ ላይ ቁጭ አሉ፤ ዶናት በወረቀት ከረጢት ይዘው። ከረጢቱ ኮሽ… ኮሽ…

ሠላሳ አንደኛው ቁልፍ ጋ ደረስኩ። ዲዳ ነው። ስጫነው እንጨቱ ቀጭ ይላል እንጂ ድምፅ የለውም። ይሁን፣ ዲዳነቱም ይቀዳል። ደንቤ ይኸው ነው፤ መሣሪያውን እንደተገኘ መቅዳት። መጠገን የለ፣ ማሳመር የለ። ተጫንኩት። ከኋላዬ "እምምም…"

"ወይዘሮ ዩዶራ!"

"ምን አጠፋሁ?"

"አንጎራጎሩ እኮ!"

"እሱ ቁልፍ አይሠራማ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ። እሱ ጋ ስደርስ በአፌ የምሞላው እኔ ነኝ።"

"ድምፅ የሚሰጠው የናስ ምላስ ሥር አቧራ ገብቶ ነው። በአምስት ደቂቃ አወጣልዎታለሁ።"

"ተዪው ልጄ። ተላምደናል።"

ሁለተኛ ቀዳሁ። "እምምም።" ዞሬ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ "ሽሽ!" አልኳቸው። እንደ ሕፃን! ራሳቸውን ነቀነቁ። ሦስተኛ… "እምምም።" አያውቁትም እኮ፣ ራሱ ነው የሚወጣው።

ቤት እንደገባሁ ስለ እያንዳንዱ ቁልፍ አጭር ማስታወሻ ጻፍኩና ከፋይሎቹ ጋር ፒትስበርግ ላለው ባልደረባዬ ለኮርዊን ላክሁ። እጄ ገና አልሞቀም ነበር፣ ንዴቴም አልበረደም።

ፌብሩዋሪ 12

የመቅጃዬን ካርድ አጠፋሁት። ነገ የትምህርት ቤቱን አሮጌ ፒያኖ መቅዳት አለብኝ፣ ቦታ የለም። ፋይሎቹ ፒትስበርግ ደርሰዋል፣ ምን ቸገረኝ።

ማርች 2

ኦርጋኑ ኢንተርኔት ላይ ወጣ። ኮርዊን ጥድፊያውን አልቻለም፤ ማስታወሻዬን ሳያነብ፣ ምንም ሳያጸዳ እንዳለ ገጻችን ላይ ለቀቀው። እንደ ሌሎቹ ሠላሳ መሣሪያዎቻችን በነጻ። ኮምፒውተር ያለው ሁሉ አውርዶ፣ በገዛ ቤቱ ሆኖ፣ የቬርሞንትን ኦርጋን ይጫወታል። ይህን ስናደርግ ስድስት ዓመታችን። ማንም አላዘዘንም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር።

ምስጋናውስ? ይኸው። አንዱ ራሱን "ቁጡ ተርብ" ብሎ የሰየመ፣ "ድምፁ ከልኩ ዝቅ ብሏል። ወንበሩ ይንቋቋል። የቀዳው ሰው ጆሮ አለው?" ብሎ ጽፏል።

ጆሮ! ሠላሳ ዓመት ፒያኖ የቃኘሁበት ጆሮ! በነጻ ተሰጥቶህ…

ኮርዊን ደውሎ ሳቀብኝ። "ተይው ኔል። አንዳንዱ ሰው ካልተሳደበ ቁርሱ አይወርድለትም። በሳምንቱ መጨረሻ የጸዳውን አወጣለሁ።"

ማርች 8

የጸዳው ወጣ። ጥቂት ቁልፎች ሞከርኩ። ደህና ነው። ወንበሩ አይንቋቋም። እሰይ፣ ተርቡ ይረፍ።

ማርች 19

ወይዘሮ ዩዶራ ደም አንጎላቸው ውስጥ ፈሰሰባቸው። የሽሮፕ ቆርቆሮ ሊያነሱ ጎንበስ ሲሉ። ተርፈዋል ይላሉ።

ማርች 24

ልጃቸው ማርሊስ ወርክሾፔ… ምን ወርክሾፕ፣ ጋራዤ መጣች። ቦቲዋ እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ። አትቀመጥም። የፒያኖ መዶሻዎቹን እያነሳች ታያለች፣ ትመልሳለች።

"ቀኝ ጎኗ አይንቀሳቀስም" አለችኝ። "ንግግርም የለም። ሐኪሙ አይመለስም ብሎናል። ድምፅ የሚባል ነገር አታወጣም፣ ኔል። ሲያማት እንኳ።"

የያዘችውን መዶሻ ከእጇ ተቀበልኳት።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የእማዬ ድምፅ አንቺ ጋ ይኖር ይሆን? ስልክ ፊቷ ሲደቀን ትነሣና ትሄድ ነበር፣ ታውቂያታለሽ። አንድ መልእክት ነበረኝ፣ ስልኬን ስቀይር ጠፋ። ኦርጋኑን ስትቀጂ አብራሽ ነበረች አይደል? ስትስልም ቢሆን… ምንም ቢሆን።"

"አለኝ!" አልኳት። ጮኽኩ ማለት ይቻላል። "ሠላሳ አንደኛው ቁልፍ ላይ አሉ። ሦስት ጊዜ።"

ጋራዡ መሐል ቆማ አለቀሰች። ነገ አመጣለሁ አልኳት። አፌን በቆረጠው።

ማርች 25

የሉም።

ፋይሉን ከፈትኩ፣ ሠላሳ አንድን ተጫንኩ… ኦርጋን! ጥርት ያለ፣ ለስላሳ የኦርጋን ድምፅ። ከማይሠራ ቁልፍ! ኮርዊን ሠላሳኛውን ወስዶ፣ ድምፁን ወጠር አድርጎ፣ ቀዳዳውን ደፍኖበታል። እሳቸውን አውጥቶ ጥሏቸዋል።

ደወልኩለት።

"የት አሉ?"

"እነማን?"

"ሴትዮዋ! ሠላሳ አንድ ላይ የነበሩት ሴትዮ!"

"እ… እሱን አጽድቼዋለሁ።"

"ማን አጽዳ አለህ? እንደተገኘ ነው ደንባችን! አንተ ቁጭ ብለህ የሰው ድምፅ እንደ ሸረሪት ድር ትጠርጋለህ? የመጀመሪያውን አምጣ።"

"የለም ኔል። አዲሱን አሮጌው ላይ ነው የጻፍኩት። የላክሽውንም ቦታ ሲጠበኝ… ካርዱ አንቺ ጋ የለም?"

ካርዱ። የትምህርት ቤት ፒያኖ ሞልቶበታል፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ሌላ።

ያልተናገርኩት ነገር የለም። ጆሮ የለህም አልኩት፤ የቁጡ ተርብን ስድብ ተውሼ! ሁሉን እስክጨርስ ሰማኝ። መጨረሻ ላይ ቀስ ብሎ፣ "ማስታወሻሽን መልሰሽ አይተሽዋል?" አለኝ። የምን ማስታወሻ? ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ማርሊስን ምን ልበላት?

ማርች 26

ማስታወሻውን ላከው። የገዛ እጄ ጽሑፍ። ፌብሩዋሪ 11።

"31፦ ተበላሽቷል። ሴትዮዋ አላርፍ ብለው ያንጎራጉራሉ። አውጣቸውና ከጎረቤቱ ሙላው።"

"አላርፍ ብለው።" አሥር ጊዜ አነበብኩት። ይህንንም ደብተር ወደ ኋላ ገልጬ አየሁ። ሁሉም እዚሁ ተጽፏል፤ "ሽሽ"ም ሳይቀር። ኮርዊን ያዘዝኩትን ነው የሠራው። ስድስት ዓመት "እንደተገኘ" እያልኩ ስሰብክ ኖሬ፣ ደንቡን የሰበርኩት እኔ። ያውም ስለበረደኝ!

ማርች 28

ኮርዊንን ይቅርታ ጠየቅኩት። "እሺ" ብቻ አለኝ። መብቱ ነው።

ማርሊስ ሁለቴ ደወለች። አላነሣሁም። ፈሪ።

ኤፕሪል 2

ሄጄ ነገርኳት። እውነቱን፣ ማስታወሻውን ጭምር። በሯ ላይ ቆመን። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። "እሺ፣ ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ" ብላ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ስመለስ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል አለፍኩ። ለምን እንደቆምኩ አላውቅም። አዲሱ ባለቤት፣ ከቦስተን የመጣ ትሑት ሰውዬ፣ እየሳቀ አስገባኝ። ኦርጋኑን ሊያሳየኝ ጓጉቷል። ውስጡን አውጥተው ጥለውታል፤ ወናፍ የለ፣ ምላስ የለ። ቁልፎቹ የነበሩበት ቦታ ብርጭቆ፣ ከሥሩ የወይን ጠርሙስ ተደርድሮበታል።

"እንዳይጣል ብለን ነው" አለኝ። "አንድ ብርጭቆ ልቅዳልሽ?"

ጮኽኩበት። አንጀት የሌላችሁ፣ ከርሳሞች፣ ምን ያላልኩት አለ! ሰውዬው ጠርሙሱን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ነው የገባኝ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉት እኔ ነኝ። እሱ የጣለው እንጨትና ናስ ነው። እኔ የጣልኩትስ?

ኤፕሪል 5

ገጻችን ላይ ለጠፍኩ። "ከማርች 2 እስከ 8 ድረስ ኦርጋኑን ያወረደና ያላጠፋ ሰው ካለ እባካችሁ። ሠላሳ አንደኛው ቁልፍ ላይ የሰው ድምፅ አለ። ያስወጣሁት እኔ ነኝ፤ ተሳስቼ ነበር።"

"ተሳስቼ ነበር" የሚለውን ለመጻፍ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ።

ኤፕሪል 6

አንዱ፣ "ሌላ አሮጊት ፈልገሽ አስቀጂ፣ ማን ያውቃል?" ብሏል። የሳቅ ምስል ጨምሮበት።

እግዜር ይይልህ። ሌላ ምን እላለሁ?

ኤፕሪል 9

ቁጡ ተርብ ጻፈልኝ! ስሙን ሳየው ደሜ ፈላ፤ ደግሞ ምን ሊነቅፍ ነው ብዬ ሳላነብ ላጠፋው ነበር። እዚህ ልገልብጠው።

"እሜቴ፣ የምኖረው ሳስካችዋን ነው። ጡረታ የወጣሁ የበረዶ መጥረጊያ ሹፌር። የቤተ ክርስቲያናችን ኦርጋን ተጫዋች ስትሞት የሚተካት ጠፋ፤ እኔው በኮምፒውተር እሞክራለሁ። ኦርጋንሽ ከልኩ ዝቅ ማለቱ ያናድደኛል፣ አሁንም ያናድደኛል። ወንበሩም ዘይት ያስፈልገዋል። ሴትዮዋን ግን መቼ ነቀፍኩ? አዲሱን አውርጄ አንድ እሑድ ተጫወትኩበት። ማንም የለበትም። ወደ አሮጌው ተመለስኩ። ይኸውልሽ።"

ከሥሩ ፋይሉ። ሙሉው!

ሠላሳ አንድን ተጫንኩ። ቀጭ… "እምምም።" ሦስቱም አሉ። ሁለተኛው ላይ ሁለታችንም አለን፤ እሳቸው ሲያንጎራጉሩ፣ እኔ ስቆጣ። "ሽሽ!" አቤት ድምፄ ሲያስጠላ።

ደግሞ የበረዶ መጥረጊያ ሹፌር! ክረምቱን ሙሉ የረገምኩት ዘር።

ኤፕሪል 14

ከማርሊስ ጋር የአረጋውያን ቤት ሄድን። ምግብ የሚቀርብበትን ጠረጴዛ ጠርገን ትንሿን ኪቦርድና ኮምፒውተሩን አስቀመጥኩ። ወይዘሮ ዩዶራ ትራስ ተደግፈው ያዩኛል። ፊታቸው በአንድ በኩል ወርዷል። ዓይናቸው ግን ያው ነው፣ ምንም አያመልጠውም።

እሑድ እሑድ ጸሎቱን የሚዘጉበትን መዝሙር ጀመርኩላቸው። እኔ ፒያኖ ቃኚ እንጂ ተጫዋች አይደለሁም። የገዛ ኦርጋናቸውን ሲሰሙ ግራ እጃቸው ብርድ ልብሱ ላይ መሄድ ጀመረ። ከዚያ ያ ቁልፍ መጣ።

"እምምም።"

ማርሊስ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። እኔ ቆምኩ፣ መቀጠል አልቻልኩም። ወይዘሮ ዩዶራ መጀመሪያ ማሽኑን አዩ። ቀጥሎ እኔን። ለረጅም ጊዜ… ከዚያ ግራ እጃቸውን ቀስ አድርገው አነሱና፣ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ሽሽ አሉኝ። ያለ ድምፅ። የሚታዘዛቸው ግማሽ ፊታቸው ይስቃል።

አለቀስኩ። ይቅርታ አልኳቸው፣ ለየትኛው እንደሆነ ሳልናገር። ማርሊስ ነገሩ ስላልገባት አንዴ እኔን፣ አንዴ እናቷን ታያለች። እሳቸው ግን ከኔ ጋር ጨርሰዋል፤ ኪቦርዱን ወደ ራሳቸው ሳቡና ሠላሳ አንድን ተጫኑት። ደግመው። ደግመው። ነርሷ ሾርባ ይዛ እስክትመጣ ድረስ።

ኤፕሪል 20

ኮርዊን የመጀመሪያውን መልሶ ለቀቀው። ከልኩ ዝቅ እንዳለ፣ ከነወንበሩ፣ ከነ"ሽሽ"ዬ። ላውጣልሽ ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። እንደተገኘ አልኩት።

ሦስት ሰዓት ሳይሞላ የመጀመሪያው አስተያየት መጣ፣ ከማላውቀው ሰው። "ሠላሳ አንደኛው ቁልፍ ውስጥ ሰው አለ። አስተካክሉት።"

ደሜ ፈላ። አንድ ገጽ ስድብ ጻፍኩ፣ አጠፋሁት። ሁለተኛ ጻፍኩ፣ እሱንም አጠፋሁ። ከዚያ እንዲህ ብዬ መለስኩለት።

"አዎ፣ አሉ። ዩዶራ ፔልኪ ይባላሉ።"