ሰማያዊው ይዘገያል ብያለሁ

ማክሰኞ

ሦስተኛው ምዕራፍ ዛሬም ተመለሰ። አማካሪዬ ዶክተሩ ዳር ላይ «ተሳስተሻል» ብቻ ጽፈውበታል። ምኑ ላይ? እሱን አልጻፉም።

እኔ የምለው ቀላል ነው። ሌዘር ውስጥ ያለው፣ ብርሃንን የሚያጎላው ቁስ፣ ብርሃን ከሚውጥ ቁስ ጋር አንድ አይደለም። በሚያጎላው ውስጥ፣ ማጉላቱ በሚበረታበት ቀለም አካባቢ፣ ወደ ሰማያዊ ያደላው ብርሃን ወደ ቀይ ካደላው ይዘገያል። እሳቸው ተቃራኒው ነው ይላሉ። እስከ ዓርብ ካልፈረሙልኝ የዘንድሮው ምርቃት አለፈኝ። እማ ደግሞ ለምርቃቴ የሚታረደውን በግ ጓሮ አስራ ትቀልባለች።

ረቡዕ

ደወልኩላቸው። ኔትወርክ የሚገኘው ወደ ሐይቁ ሲወረድ ነው፤ ዓሣ አጥማጆቹ መሃል ቆሜ ስለ ብርሃን ስጮህ ዋልኩ። «ዶክተር፣ ይሄ የሚውጥ አይደለም፣ የሚያጎላ ነው» እላለሁ። «ልጄ፣ ቀመርሽ ግን ይውጣል ነው የሚለው» ይላሉ። ወላሂ ጸጉሬን ልነጭ ምንም አልቀረኝ።

ወንድሜ ሰይድ፣ ከሳዑዲ ከተመለሰ ወዲህ ባጃጅ ነው የሚነዳው፣ ሲመልሰኝ መንገዱን ሙሉ አሾፈብኝ። እናንተ ካልተስማማችሁ ብርሃኑ ቆሞ ይጠብቃል ወይ አለኝ። አልሳቅኩም።

ሐሙስ

መብራት የለም። ላፕቶፑም ሞተ። በወረቀት ከመጀመሪያው ሠራሁት፤ ያው መልስ። ደገምኩት፤ ያው። ደስ ሊለኝ ሲገባ የባሰ ተናደድኩ። እማ ምሳ ብይ ብትለኝ ጮህኩባት። ምን አደረገችኝ? አፈርኩ።

ዓርብ

መብራት መጣ። ጠዋት ሐይቁ ዳር ወርጄ ደወልኩና «ዶክተር፣ እባክዎ አብረን ከመጀመሪያው መስመር እንሥራው» አልኳቸው። የብርሃኑን ማዕበል ቀመር ጮክ ብለው ሲጽፉ ጊዜው ፊት «መቀነስ» አሉ። እኔ መደመር ነው ያደረግኩት።

እሳቸው የፊዚክስ ሰው ናቸው፣ መቀነስ ይጽፋሉ። እኔ የመጀመሪያ ዲግሪዬ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ነው፣ እኛ መደመር ነው የለመድነው፤ ሁለቱም ልክ ነው። በእኔ አጻጻፍ ያጎላል የሚለው ምልክት በእሳቸው ንባብ ይውጣል ማለት ነው። ሴሚስተሩን ሙሉ የተጨቃጨቅነው ስለ ሁለት የተለያዩ ቁሶች ነው!

«መጀመሪያው ገጽ ላይ ለምን አልጻፍሽውም?» አሉኝ። ለምን አልጠየቁኝም ልል ነበር። «እሺ ዶክተር» አልኩ።

ሰማያዊው ይዘገያል፣ አመኑልኝ። አልሃምዱሊላህ። ግን ፈታኞቹ በሙሉ የፊዚክስ ሰዎች ስለሆኑ፣ ቢሮ ሳይዘጋ የምዕራፉን ምልክት ሁሉ ወደ እነሱ አጻጻፍ ለውጬ ልልክ ነው፤ ከዚያ ይፈርማሉ። ይኸው እየለወጥኩ ነው። አንዷ ካመለጠችኝ፣ አሁን ገና እውነትም ተሳሳትኩ ማለት ነው።