በጎረቤቴ በር ላይ የቆመው ዘበኛ

ቅዳሜ፣ የካቲት ፱ ቀን ፲፱፻፹፰፤ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ

እትዬ ደስታ ተቀይመውኛል። ታላቅ እህቴ ናቸው፤ ጾሙን ከእኔ ዘንድ ሊጾሙ ትናንት ከአዲስ አበባ መጡ። ዛሬ ከአሳንሰሩ ስንወጣ በፊት ለፊት ጎረቤቴ በር ላይ ሰይፍ የመዘዘ፣ ጥሩር የለበሰ ሥዕል ተለጥፎ አዩ። በመቅደስ በር የሚሣለው መልአክ መስሏቸው ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው ሰገዱ፤ በሩንም ሳሙ። ወዲያው በሩ ተከፈተ። ቻይናዊው አዛውንት ሰላምታ መስሏቸው እርሳቸውም ዝቅ ብለው እጅ ነሱ።

«አንተ መሪጌታ! ድጓውን በቃልህ ታዜማለህ፤ ለጣዖት ስሰግድ ግን ቆመህ ታያለህ!» አሉኝ እትዬ።

ከድንጋጤዬ ሳልነቃ በሩን ስመው ጨርሰው ነበር። እዚሁ አቅራቢያ አሌክሳንድሪያ የሚኖረው ልጃቸው ሰኞ መጥቶ እንዲወስዳቸው አስደውለዋል። ተቀያይሞ ጾም መያዝ እጅግ ከበደኝ።

እሑድ፣ የካቲት ፲፤ ቅበላ

ከቅዳሴ በኋላ ልጄን ሳራን ለአስተርጓሚነት ይዤ ከጎረቤቴ ዘንድ ገባሁና ስለ ሥዕሉ ጠየቅኋቸው። ነገ ለእነርሱ ዘመን መለወጫ ነው።

«አባባ፣ ጎድ አይደለም እኮ፤ የኪንጉ ቦዲጋርድ ነው» አለችኝ።

አዛውንቱ እንዳወጉን፣ በጥንት ዘመን አንድ ንጉሥ በአጋንንት ጩኸት እንቅልፍ ቢያጣ፣ ታማኝ ጦረኛው ታጥቆ በበሩ ቆመለት፤ ንጉሡም ተኛ። ኋላ ግን አዘነለት። «መልክህን በደጃፌ ላይ አሥላለሁ፤ አንተ ሂድና ተኛ» አለው።

ለሥዕሉ እንደ አምላክ የሚያጥኑለት ሰዎች እንዳሉም አዛውንቱ አልሸሸጉኝም። ለእርሳቸው ግን የአባታቸው ቤት ልማድ ነው። «ላንሣው?» አሉኝ። በገዛ በራቸው ምን አግብቶኝ? ይቆይ አልኩ።

ለእትዬ ነገርኳቸው።

«ንጉሡ ቀርቶ ለዘበኛው!» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ መለሱ።

ሰኞ፣ የካቲት ፲፩

ጾሙ ገባ። ከጸሎት በኋላ እትዬ በድንገት፣ «ያ ዘበኛ እውነት ሄዶ ተኛ?» አሉ።

«ተኛ ይላሉ።»

ሟቹ ባላቸው በቤተ መንግሥት በር ዘብ ሲቆሙ ያረጁ ሰው ነበሩ። «የእኔን ሰው ሂድ ተኛ ያለው አልነበረም» አሉ።

ማምሻውን ልጃቸው ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ደረሰ። «እማዬ፣ ቶሎ በይ፤ ፓርኪንግ የለም!»

«ሂድ ወደ ቤትህ። እዚሁ እጾማለሁ።»

ደስታዬን ዋጥ አደረግሁ። ነገሩ ለንስሐ አባታቸው መነገሩ አይቀርም፤ ምን እንደሚፈርዱ አላውቅም። እትዬ ግን ከወዲሁ ወስነዋል፦ «ስግደት ካዘዙብኝ እኩሌታው ያንተ ነው።»

እሺ አልኩ።