ዳገቱ በኪሎ አይለቀምም

ለወንድሜ ለፍቅሩ፣

የጌታ ሰላም ከነቤተሰብህ ይብዛልህ። እንደምን ከርመሃል? ወገብህ ተሻለህ? ባለቤትህ ፀደንያስ ደህና ናት? የልጃችሁ የማራናታ ሳል ለቀቃት? እኔ ጤና ነኝ፤ ሆዴ ግን ተቃጥሏል፣ ያቃጠልከውም አንተ ነህ።

«የቀን ክፍያ ሰነፉንም ጎበዙንም እኩል ያበላል፤ በኪሎ ክፈይ፣ ሚዛን አያዳላም» ብለህ ሚዛን ላክህልኝ። ታላቅህ ብሆንም የተማርከው አንተ ነህ ብዬ ሰማሁህ። ዋንዛው ላይ ሰቀልኩት። ጎረምሶቹ የሜዳውን ቡና ቀዩንም አረንጓዴውንም ከነቅጠሉ እየሸመጠጡ ከረጢት ሞሉ። እትዬ ጥሩነሽ ዳገቱ ላይ፣ የአባታችንን ረጃጅም አሮጌ ቡና ወደ ታች እየጎተተች፣ ቀይ ቀዩን ብቻ ለቀመች። ሲመዘን የእሷ ከጎረምሶቹ የአንዱን፣ የበዛብህን፣ እኩሌታ እንኳ አልሞላም። እሱም «እትዬ፣ ለሰርግ ነው እንዴ የምትመርጭው? ሚዛን እኮ ዓይን የለውም» ብሎ አሳቀባት። የደረሳትን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ሄደች።

በማግስቱ ማጠቢያ ጣቢያ የሚረከበው ሸምሱ ከከረጢቱ አረንጓዴውን ዘግኖ አሳየኝና መለሰኝ። የተቀበለኝ የእሷን ብቻ ነው።

ይህን ሳስብ ሰነበትኩ። ኪሎ ፍርድ የሚሆነው ዛፉም መሬቱም ጉልበቱም እኩል ሲሆን ነው። የቀን ክፍያ፣ እንዳልከው፣ ሰነፍ ይደብቃል፤ ግን ለሚጠነቀቅ ሰው ጊዜ ይሰጣል። አባታችን ለለቃሚ ሲሶውን ይሰጥ ነበር፤ ቡናው ከተበላሸ አብረው ስለሚጎዱ የሚሸመጥጥ አልነበረም። ሁሉም ጉድለት አለው። አንተ የመረጥከው ጉድለቱ ሌላ ሰው ላይ የሚወድቀውን ነው።

ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ከእትዬ ጥሩነሽ ክፍያ ሴት ናት ብሎ ሲቆርጥባት አጠገቡ ተቀምጬ ዝም ብያለሁ። አሁን እሱ የለም፤ በማን ላሳብብ?

ሚዛኑን አውርጄዋለሁ። ለሁለተኛው ለቀማ ቀይ ለለቀመ ሁሉ፣ ለወንድም ለሴትም እኩል፣ ከምሳ ጋር በቀን እከፍላለሁ። ዳገቱን እትዬ ጥሩነሽ እንደ ድሮው በሲሶ ትለቅመዋለች። ከአባታችን ቡና የሚደርስህ ድርሻ ይቀንሳል። ከከፋህ ናና ዳገቱን ራስህ ልቀመው።

ፀደንያን ሰላም በልልኝ፤ ማራናታን ጉንጯን ሳምልኝ። ልጄ አማረች አጎቴን ሳሚልኝ ብላለች። እናታችን ስትሞት አንተን አዝላ ያሳደገችህን እትዬ ጥሩነሽን ለፍቅሩ ልጽፍ ነው ብላት ቅርጫቷን አንስታ ወደ ዳገቱ ወጣች። ሰላምታ አልላከችልህም።

እህትህ ወርቅአፈራሁ
ሸኮ፣ ጥቅምት 21 ቀን 1999 ዓ.ም.