አሥራ አራት ጀሪካን ጽጌረዳ

መስከረም 22

ዝናቡ ለቀቀን መሰለኝ። ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ። አረም ነቀልኩ፣ ኮሰረቱን አሳጠርኩ፣ ጎመኑ መሐል ገብቶ ያስቸገረኝን ጠጅ ሳር አወጣሁ። ጽጌረዳዎቹ ከጤና አዳሙና ከበሶብላው ጋር ተደባልቀው አጥሩን ጥግ ጥጉን ይዘውታል። የእናቴ ቁጥቋጦ ብቻዋን ሠላሳ አንድ እምቡጥ። ሁለቴ ቆጠርኩ። እንዲህ ያለ ሮዝ ጎንደር ውስጥ ሌላ ቤት የለም... አለ የሚል ያሳየኝ።

አላፊ አግዳሚው ከድንጋይ አጥሩ በላይ አንገቱን ያሰግጋል። "ኧረ ሽታው!" ይላል። እኔም "ማሽተት በነፃ ነው" እላለሁ። ከዚያ ፊታቸውን አያለሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሲቆዩ... በዚያ ነው የማውቀው።

ከዚህ ደብተር በቀር ለማንም የማልለው ነገር፦ አይሸተኝም። ከዚያ ከባድ ጉንፋን ወዲህ ሦስተኛ ዓመቴ። ጽጌረዳም፣ ቁሌትም፣ የሚያር ድስትም። ባለፈው ወጥ አሳርሬ ለሳሊም "ስልክ ይዤ ነው" አልኩት። ልጄ ነው፣ የጨርቅ ሱቁን የተረከበኝ፣ አብሮኝ የሚበላ። እሱም አያውቅም። ባለ ጽጌረዳዋ ዐዚዛ አፍንጫዋ ሞቷል ቢባልስ? ያ አላህ!

ጥቅምት 3

ሰርካለም መጣች፣ ማራኪ ካምፓስ የምታስተምረው። እዚያው ማራኪ ቤቷን ሠርታ ጨርሳለች። ከበሩ እስከ በረንዳው፣ ግራና ቀኝ፣ አሥራ ሁለት እግር ሮዝ ጽጌረዳ ትፈልጋለች።

"ለአባባ ነው" አለች። አባቷ አያ ባምላክ ዓይኑ ከጠፋ አራት ዓመቱ። ከዳባት ገጠር ካመጣችው ወዲህ ከክፍሌ አልወጣም ብሏል። ከተማው ሁሉ አቧራ አቧራ ይለኛል፣ የት እንዳለሁ አላውቅም፣ ይላታል። ዓምና ለቁስቋም ንግሥ ይዛው ስትሄድ ግን የእኔ አጥር ጋ ሲደርስ ቆመ።

አስታወስኩት! ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ፣ ልጁ ብትጎትተው አልነቃነቅ ያለው ሽማግሌ።

"ሽታው በሩን ያሳየዋል ብዬ ነው፣ እትዬ ዐዚዛ። ሽታ ከሌለው አይሆነኝም።"

"ይሄን ለእኔ ተይው" አልኳት፣ ደረቴን ነፍቼ። ሰኔ ላይ ቅርንጫፍ ቆርጬ በየጀሪካኑ ከተከልኳቸው አሥራ አራቱ ጸድቀዋል። አሥራ አራት! አንገታቸው በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ውስጥ ተሰልፈው ሲታዩ የትምህርት ቤት ልጆች ይመስላሉ። ለኅዳር መጨረሻ ትወስዳለች።

ጥቅምት 18

ስድስቱ እምቡጥ አወጡ። ስዞራቸው ዋልኩ።

ጥቅምት 30

ዛሬ ጥሩ ቀን አይደለም።

አያ ዳኛው ከወገራ ፍግ ጭኖ መጣ። አህያውን ሳያራግፍ ጎንበስ ብሎ ካበቡት አንዷን አሸተተ። አጠገቧ ያለችውን ደግሞ። ተመልሶ የመጀመሪያዋን።

"ምነው ይቺስ?" አለ።

"ምን ሆነች?"

"መልኳስ ሸጋ ነው። ሽታ የላትም እንጂ። ውኃ ናት።"

"አፍንጫህን ፍጉ ደፍኖት ነው፣ አያ ዳኛው።"

ሳቀ። "ይሆናል" ብሎ ወደ አህያው ሄደ። 

ወዲያው ነው የገባኝ። ሳሊም የዛሬ ሁለት ዓመት ከባሕር ዳር ያመጣልኝ ሌላ ሮዝ አለ፣ ከእናቴ ቁጥቋጦ አጠገብ። መልካቸው አንድ ነው። ሰኔ ላይ የእናቴን በረዶ መትቷት ስለነበር ከሁለቱም ቆርጬ ተከልኩ፣ ምልክት እንኳ ሳላደርግ። ጽጌረዳ እስከሆነ ይሸታል ብዬ... የሳሊሟ መሽተት አለመሽተቷን ማንን ልጠይቅ? "እስቲ አሽትተህ ንገረኝ" ማለት ሞት መስሎ ታየኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ!

ኅዳር 2

ቅጠል አገላበጥኩ። እሾህ ቆጠርኩ። ንብ የትኛዋ ላይ ታርፋለች ብዬ በርጩማ አውጥቼ ግማሽ ቀን ተቀመጥኩ። ሁሉም ላይ ታርፋለች። ሳሊም ለምሳ ሲመጣ፣

"እማ፣ ምን ትሠሪያለሽ?"

"ፀሐይ እሞቃለሁ።"

ዝም ብዬ ብሰጣትስ? አልሸት ያለው የማራኪ አፈር ነው እላለሁ። ማን ይከራከረኛል? ስለ ጽጌረዳ እኔን የሚከራከር በዚህ ከተማ አለ?

ግን ያ ሽማግሌ በረንዳ ላይ ቆሞ ፊቱን ወዲያና ወዲህ እያዞረ ሲፈልግ ታየኝ። በሩ በየት በኩል ነው እያለ... ምሳ አልበላ አለኝ።

ኅዳር 6

የቁስቋም ንግሥ። ከንጋት ጀምሮ ሰው ነጭ ለብሶ በደጄ ይጎርፋል። ከሰዓት በኋላ ሰርካለም አባቷን ይዛ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ገቡ። ሳይነግሩኝ! አሥራ አራቱም ጀሪካኖች ቢያንስ አንድ አንድ አበባ ይዘው ፊት ለፊት ተደርድረዋል።

ለአያ ባምላክ በርጩማ ሰጠሁት። የሰርካለም ስልክ ጮኸ፣ ወደ በሩ ወጣች። ብቻችንን ቀረን። እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም።

"አያ ባምላክ፣ እኔ አይሸተኝም።"

"ምኑ?"

"ምንም። ሦስት ዓመት ሆነኝ። የሚሸቱትንና የማይሸቱትን ችግኞች ቀላቅያቸዋለሁ፣ አሁን መለየት አቃተኝ። አንድም ሰው አያውቅም።"

ትከሻው ተንቀጠቀጠ። የሚያለቅስ መሰለኝ... ሲስቅ ነው ለካ!

"አንች አፍንጫ የለሽ፣ እኔ ዓይን የለኝ። ሁለታችን ተደምረን አንድ ደኅና ሰው አይወጣንም?"

ተናደድኩ። ከዚያ እኔም ሳቄ መጣ።

"በይ አምጫቸው" አለ።

አንድ በአንድ ጉልበቱ ላይ አስቀመጥኩለት። የሚሸተው ሲመጣ አይናገርም፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ይቆያል። የማይሸተውን "ይችን ለሚያይ ስጭ" እያለ ይመልስልኛል። ዘጠኝ የእናቴ፣ አምስት የሳሊም። ዘጠኙ ላይ ቀይ ክር አሰርኩ።

"ምን ምን ትላለች?" አልኩት መጨረሻ ላይ። ሳፍር ሳፍር ነው የጠየቅሁት።

ብዙ አሰበ። "ሎሚ የላጠ ጣትሽን ማር ውስጥ ብትነክሪው" አለ።

እሷው! የእናቴዋ! ሽታውን ብቻ ሳይሆን ምን ይመስል እንደነበርም ረስቼው ኖሯል። እንባዬ መጣ። አያየኝም ብዬ ለቀቅኩት።

"አፍንጫሽን ጥረጊ፣ ለሌላም ባይሆን" አለኝ።

ሰርካለም ስትመለስ ቆሜ ነገርኳት። "አሥራ ሁለት ብዬሽ ዘጠኝ ነው ያለኝ። ሌሎቹ አይሸቱም። ስህተቱ የእኔ ነው፣ አፍንጫዬ አይሠራም። ሦስቱን በክረምት ከእናቴ ቁጥቋጦ ቆርጬ እሞላልሻለሁ።" እሷ ምን እንዳለች በደንብ አልሰማሁም። ጆሮዬ ይጮህ ነበር። ግን አልኩት!

ኅዳር 8

ለሳሊም ነገርኩት። የድስቱንም።

"ሦስት ዓመት፣ እማ?" አለ። ተቆጣ። ተነሥቶ የጋዝ ምድጃውን መዝጊያ አየ፣ ደግሞ ተመልሶ አየ። የእሱ ጽጌረዳ ሽታ እንደሌላት ከገዛት ቀን ጀምሮ ያውቅ ኖሯል። "ምንም ሳትይ ስትቀሪ መልኳን ወደሻት መስሎኝ" አለ። ምን ዓይነት እናትና ልጅ ነን?

አምስቱን ከአጥሩ ውጭ፣ በመንገዱ በኩል ተከልናቸው። የሚያይ ይያቸው።

ታኅሣሥ 3

ማራኪ ሄጄ አያ ባምላክን መከርከም አስተማርኩት። የጨርቅ መቀሴን ይዤለት ሄድኩ። የደረቀውን አበባ በጣቱ ተከትሎ ይወርዳል፣ የሚያቆጠቁጠውን የቅርንጫፉን ዓይን በአውራ ጣቱ ያገኛል፣ ከሱ ከፍ አድርጎ በሰያፍ ይቆርጣል። እሾሁ ሦስት ቦታ ወጋው። "ይችስ አማት ናት" አለ፣ ጣቱን እየመጠጠ።

እኔ እያየሁ እንደሱ ያለ ንጹሕ ቁርጥ አልቆርጥም። ኧረ እቆርጣለሁ! ለጀማሪ ግን... ማሻአላህ። ማን ሆነና ያስተማረው?

ከክፍሉ ያስወጣነው ግን በልመና ነው። ሥራው እንዳለቀ "በቃኝ፣ አስገቡኝ" አለ። ኅዳር መጨረሻ የተተከሉት ዘጠኙም ገና አፈሩን አልለመዱትም። ቢደርቁስ?

ጥር 14

ከአዲ አርቃይ ለዘመድ ሠርግ የመጣች ሴት አጥሬ ጋ ቆማ "ይሸታል እንዴ?" አለችኝ።

"እኔ አይሸተኝም፣ ታምሜ ነው የጠፋብኝ" አልኳት። "ግቢና አንቺ ንገሪኝ።"

ገባች። የእናቴ ቁጥቋጦ ላይ ጎንበስ ብላ ቆየች፣ ቆየች። ብዙ ነገረችኝ፤ ስለ ልጅነቷ ሁሉ ነገረችኝ። ሁለት ዘንግ ቆርጬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ሰጠኋት። ድሮ ፊታቸውን ብቻ ነበር የማየው። ይሄ ሁሉ ወሬ ቀርቶብኝ ነበር?

ማታ ላይ ሰርካለም ደወለች።

"እትዬ ዐዚዛ፣ አባባን ምን አደረግሽብኝ? ከክፍሌ አልወጣም ያለው ሰውዬ አሁን አልገባም አለኝ እኮ! ምሳውን በሩ ላይ ነው የምወስድለት። ሽታውን ይጋርዳል ብሎ የልብስ ማስጫ ገመዴን አስፈታኝ። ብቻውን ነው የሚሄድ የሚመለሰው፣ ምርኩዙን እንኳ እየረሳ። መንገደኛ እየጠራ ያስሸትታል።"

ከኋላዋ ድምፁ ይሰማኛል። አንዱን ሰው "ቀስ በል! ቀስ፣ አትጎትታት!" እያለ ይቆጣል።

ስልኩን ዘግቼ ግቢው መሐል ቆምኩ። ኮራሁ። ምን ይደረግ፣ ኮራሁ! ከዘጠኙ አንዷንም አሽትቼ አላውቅም። ያሳደግኳቸው ግን እኔ ነኝ።