ጭዱ የማን ነው?

ጥር 4

የደብረ ብርሃን ብርድ ዛሬስ ጣት ያስረሳል። ቢሮ ውስጥ ጋቢ ደርቤ ዋልኩ… ግን የካርቦን ልቀቱ መስመር ወረደ! በ2042 ዞናችን ከዜሮ በታች። የኮምፒውተር ሞዴሉን ደጋግሜ አስኬድኩት፣ ያው ነው።

ለራሴ አንዴ ልጻፈው፤ ሰው ሲጠይቀኝ አሁንም እንተባተባለሁ። ተክል ሲያድግ ከአየር ካርቦን ይስባል። እሱን አንድደን መብራት እናመነጫለን። ካርቦኑን ከጭስ ማውጫው ላይ ይዘን ከመሬት በታች እንቀብረዋለን። አየሩ ከበፊቱ ይጠራል። በቃ። ማገዶው ደግሞ የገብሳችንና የስንዴያችን ጭድ፤ የተረፈው።

ይርጋለም፣ የኢነርጂው መሐንዲስ፣ ከጀርባዬ ቆሞ «ሰኒ፣ አየሩን ካጸዳሽ አይቀር ይሄን ብርድም ቀነስ አድርጊልን» አለኝ። አለቃችን አቶ ገብረአማኑኤል ግን አልሳቁም። «ይሄ የዞኑ የአየር ንብረት ዕቅድ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይገባል» አሉ። የመጀመሪያ ገጽ! ውሌ መጋቢት መጨረሻ ያልቃል… በዚህ ቁጥር ማን አያድስልኝም?

ጥር 14

አንኮበር። ለጥምቀት መጥቼ የጭቃ ሥራ ላይ ወደቅሁ። የጓሮው ግድግዳ ምርጊቱ ረግፏል። አባባ ታቦት ሸኝተው ገና በቅጡ ሳያርፉ ጭቃ ማቡካት ጀመሩ። ጭድ አነሰና ጎረቤታችን ጋሽ ሙሉቀን ዘንድ ላኩኝ።

«አባትሽን፣ ገብስ ካሉኝ እሰፍርላቸዋለሁ በያቸው። ጭዱን ግን ይማሩኝ! በልግ ካልጣለ ለበሬዎቼ ምን ልሰጥ ነው?»

ኋላ አንድ እቅፍ ሰጠኝ፣ እየሳሳ። እየሳቅሁ ተመለስኩ። ግማሽ መንገድ ላይ ሳቁ ጠፋ።

የተረፈው… የቱ ነው የተረፈው?

ጥር 15

ላፕቶፔን ከፍቼ ቁጥሩን ፈለግሁት። ከጭዱ ከመቶ ስድሳው ትርፍ ነው ይላል። ከየት መጣ? ከሞዴሉ ጋር አብሮ የመጣ። ጭዱን ማሳው ላይ ለሚያቃጥሉ አገሮች የተሠራ። አልነካሁትም። እኔ! ከከብት እግር ሥር የወደቀውን ጭድ ለቅማ መልሳ ስታበላ ያደገች… እንዴት አላየሁትም?

ጥር 19

ቢሮ። ለይርጋለም ነገርኩት። ጭዱን አወጣነው፤ መስመሩ ሽቅብ።

«አትደንግጪ እባክሽ። የባሕር ዛፍ ቅጠል አለልሽ አይደል? ወድቆ የሚበሰብሰው!»

አስገባነው። መስመሩ ተመልሶ ዜሮን ነካ። ልስመው ምንም አልቀረኝም።

ጥር 21

ግን ይበሰብሳል እንዴ? ልየው ብዬ ወጣሁ። ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡት ሰዎች መጠለያ አጠገብ ባሕር ዛፍ አለ። ሥሩ እንደ አውድማ ተጠርጓል። አንዲት ሴት ቅጠል በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቃለች። ንጋቷ እባላለሁ አለችኝ።

«የሚተርፍ አለ?»

«ከምኑ?»

«ከቅጠሉ።»

«ኧረ እሱንም ከንፋስ ጋር ተሻምተን ነው! አንቺስ ምን ሊያደርግልሽ?»

«መብራት ለማመንጨት።»

«ተባረኪ። መብራቱ እኛ ዘንድ የደረሰ ዕለት ቅጠሉን ራሳችን ለቅመን እናመጣልሻለን።»

ቀልዷን ነው… መሰለኝ።

ጥር 22

ቅጠሉንም አወጣሁት። መስመሩ ከዜሮ በላይ ቀረ።

ጥር 26

ልንገራቸው? ባልነግራቸውስ ማን ያውቃል? ዕቅዱ ይጸድቃል። የመብራት ማመንጫው ይተከላል። ጭድ ሰብሳቢው መኪና ይመጣል… ከዚያ በሬዎቹ? ከዚያ ንጋቷ? ብነግራቸው ደግሞ ውሌስ?

ገባሁ። ነገርኳቸው። አቶ ገብረአማኑኤል መነጽራቸውን አወለቁ።

«አንቺ ልጅ፣ የመጀመሪያው ገጽ ተልኳል እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ከላይ ሲጠይቁኝ ምን ልበል? በሬ አሸነፈን ልበል?»

«አዎ» አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ።

«በይ ሂጂ።»

የካቲት 1

አቶ ገብረአማኑኤል አኩርፈውኛል። ሰላምታ አለ፣ ሌላ የለም። ይርጋለም እንኳ መቀለድ ትቷል።

የካቲት 9

ዕቅዱ የሚገመገምበት ስብሰባ። አቶ ገብረአማኑኤል ተነሡና «ይሄን ክፍል የሠራችው ራሷ ታስረዳለች» ብለው ተቀመጡ። ቀጡኝ ወይስ አገዙኝ? እስካሁን አልገባኝም።

ተነሥቼ ተናገርኩ። ጭዱ ለከብትና ለምርጊት። ቅጠሉ ለምድጃ። ሰው ያልያዘው ማገዶ መኖሩ ሳይታወቅ ዕቅዱ እዚህ ላይ መደገፍ የለበትም አልኩ።

አንድ ሰውዬ «ታዲያ ከዜሮ በታች ያላችሁት ውሸት ነበር?» አለ።

«ስህተት ነበር። የኔ።»

ያጨበጨበ የለም። ክፍሉ ከዕቅዱ ወጣ። በምትኩ፣ ከየቤቱ የሚተርፈው በመጀመሪያ ይለካ ተባለ። ማን ይለካ? ሁሉም ወደኔ ዞረ።

ከአዳራሹ ስንወጣ ይርጋለም «ነገ ሌላ ጫማ ግዢ፣ ባደረግሽው ኮረብታ አትወጪም» አለኝ። ተመስገን፣ ቀልዱ ተመለሰ።

መጋቢት 6

ሰላ ድንጋይ፣ ለልኬታው። ውሌ ሊያልቅ ነው። ስለ ማደሱ ያነሳልኝ የለም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ይገርማል፣ እንቅልፍ አልነሳኝም። ሞዴሉን ከከፈትኩም ሰነበትኩ።

ዛሬ እማማ ወለተ ጊዮርጊስ ደጅ ሚዛን ሰቅዬ በሬዎቻቸው የሚበሉትን ስመዝን ዋልኩ። ፀሐዩ ደስ ይላል። ስጨርስ ለምርመራ የሚወሰድ ጭድ በከረጢት ሞላሁ። አዩኝ።

«ይዘሽው ልትሄጂ ነው?»

«ትንሽ እኮ ነው እማማ።»

«ትንሽማ ነው፣ ልጄ።»

ዓይናቸው ግን ከከረጢቱ አልተነሣም።

ክብደቱን ጻፍኩ። ጭዱን በሬዎቹ ፊት መልሼ ዘረገፍኩት። ባዶ ከረጢቴን አጥፌ ወደ መኪናው ሄድኩ።