እጄን የያዘችው ሐኪም

ልጄ ጽጌ፣ አምላክ በሰው አገር ጤናሽን ይጠብቅልኝ፤ የጀመርሽውን የቆዳ ሕክምና ትምህርት ያስፈጽምሽ። እኛ ደኅና ነን፤ ገብሱም ታጭዷል።

እጄ ላይ ችፌ ወጥቶብኝ ነበር፤ እንዳትጨነቂ ብዬ ደበቅሁሽ። ሰው ይጸየፈኛል ብዬ ከነጠላዬ ሥር ሸሽጌው ስከርም፣ ጎረቤታችን ውዴ ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ያንቺ እኩያ የምትሆን ሐኪም እጄን ይዛ እያገላበጠች ስታየው እንባዬ መጣ።

"አመመዎት እንዴ፣ እናቴ?" አለችኝ።

"የለም። ልጄ ከሄደች ወዲህ እጄን እንዲህ የያዘው ሰው የለም" አልኳት።

በሰጠችኝ ቅባት ድኛለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከዳንሁ በኋላም "እስኪ ደግመሽ እዪልኝ" ብዬ ተመልሼ ሄድሁ።

ትምህርትሽን ፈጽመሽ ነይልኝ። ማርያም ከፊት ከኋላሽ ትሁን።

እናትሽ የሻረግ