መምህርት አሰጋሽ ቸኮል፦ የጠፋችውን ልጅ ስም ሲጠሩ የኖሩት

መምህርት አሰጋሽ ከአባታቸው ከአቶ ቸኮል አምባቸው እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ብዙዬ ፈንታው ከመካነ ሰላም የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ወጣ ባለ ገጠር በ1954 ዓ.ም. ተወለዱ። ለእኔ አያቴ ናቸው፣ እምዬ ነው የምላቸው። አባዬ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ጻፊ ብሎኛል፤ እሞክራለሁ፣ ግን እምዬ በዓመተ ምሕረት አያልቁም።

መካነ ሰላም ተምረው፣ ደሴ በመምህርነት ሠልጥነው በ1975 አቀስታ ተመደቡ። በብርዱ ጣቴ ጠመኔ አልይዝ ይለኝ ነበር እያሉ ያስቁን ነበር። በ1978 አቶ ቢያድግልኝን አግብተው አባዬን በእውቀቱን እና አክስቴን አልታየችን ወለዱ። ከዚያ ወደ መካነ ሰላም ተዛውረው በ2014 ጡረታ እስኪወጡ ሦስተኛ ክፍል አስተማሩ። ሳቃቸው ደግሞ ከግቢ አልፎ መንገድ ላይ ይሰማል፣ ወላሂ!

በ1999 ፍቅርአዲስ የምትባል ተማሪያቸው አጎቷ በሽቦ የገረፈውን ጀርባዋን አሳየቻቸው። እምዬ ቤታቸው ወሰዷት፣ ለፖሊስም አመለከቱ። ወዲያው ሽማግሌ መጣ። እኛ አገር ሽማግሌ እምቢ አይባልም፤ ቄሱም ሼኹም አብረው ነው የሚመጡት። አጎቷ ድንጋይ ተሸክሞ እምዬ እግር ላይ ወደቀ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ተመረቀ፣ ክሱ ተነሳ። እምዬ ራሳቸው እጇን ይዘው መለሷት። «መንገድ ላይ አላለቀሰችም፣ ጣቴን ብቻ አጥብቃ ይዛ ነበር» ይሉ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ጠፋች። እስከ ኩታበር ተፈለገች። እስከ ዛሬ የለችም።

እኔ በ2010 እሳቸው ክፍል ተምሬያለሁ። በየጠዋቱ የሁላችንንም ስም ጠርተው ሲጨርሱ፣ መዝገቡ ላይ የሌለ ስም ይጠራሉ፤ ፍቅርአዲስ። ክፍሉ ጭጭ ይላል። ትንሽ ጠብቀው መዝገቡን ይዘጋሉ። እስካሁን ያ ዝምታ ጆሮዬ ውስጥ አለ። አንዳንዴ ከኋላ ወንበር አንድ ሰው አቤት ሊል ትንፋሹን የሳበ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ልጆች እኛ ቤት ተጠግተዋል። እምዬ ምን ሆንክ፣ ምን ሆንሽ ብለው አይጠይቁም። ያበላሉ፣ ያጥባሉ፣ ከዚያ ልጁ ራሱ እስኪናገር አጠገቡ ቁጭ ብለው ደብተር ያርማሉ። ሲናገር ጤና ጣቢያም ፖሊስም ፍርድ ቤትም ይዘውት ይሄዳሉ።

ከ2015 ጀምሮ ኩላሊታቸውን ታመሙ። ባለፈው ጥር አልጋ ላይ እያሉ ሽማግሌዎች ስለ ትንሳኤ መጡ። ትንሳኤ ሰባት ዓመቷ ነው፤ የእንጀራ አባቷ እጇን ሰብሮት ከመስከረም ጀምሮ እኛ ጋ ናት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «እትዬ አሰጋሽ፣ ልጅ በዘመድ እንጂ በክስ አያድግም» አሉ።

እምዬ ከትራሳቸው ቀና ብለው፣ «አንዷን በእጄ መልሻለሁ። ሌላ የምመልስበት እጅ የለኝም» አሉ።

በሕይወቴ ሽማግሌ ሳይመርቅ ሲወጣ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ63 ዓመታቸው አረፉ። ሁለት ልጆች፣ አራት የልጅ ልጆች እና ትንሳኤን ትተው ሄደዋል። ትንሳኤን እዚህ የጻፍኳት ተሳስቼ አይደለም፤ አባዬም አይቶ አልሰረዛትም። ከሠልስት በኋላ እንነጋገር ያላችሁን አባቶች፣ የትንሳኤ ቀጠሮ መጋቢት 4 ፍርድ ቤት ነው፤ እኛው ይዘናት እንሄዳለን።

ፈጣሪ የእምዬን ነፍስ ልጅ ከማይገረፍበት አገር ያሳርፍልን። ትንሳኤን እጇን ይዞ የሚመልሳት ሰው አይምጣባት። አባቶችም አሜን በሉ።